እናቴ ያልተፋችው ጠበል

አስተናግር የሚባለውን ተክል የማያውቅ የቀጨኔ ሰው ካለ፣ መንገድ ዳር ዝቅ ብሎ አይቶ አያውቅም ማለት ነው። አበባው ነጭ ጡሩምባ፣ ፍሬው እሾህ የለበሰ፣ ሽታው የሚያቅለሸልሽ። ፍየል እንኳ አትነካውም። ከአጥራችን ጀርባ፣ ቦዩ ዳር ይበቅላል። ከልጅነቴ ጀምሮ አልፌው ስሄድ ነው የኖርኩት። አሁን ሳየው ደሜ ይፈላል።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ጥርስ ነው። መንጋጋዋን ሦስት ቀን ሲጠዘጥዛት ጤና ጣቢያ እንሂድ ብዬ ለመንኳት። «መርፌያቸውን እዚያው!» አለችኝ። እኔ ወደምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ስወጣ ጠብቃ ጎረቤታችንን ጠራች። ጎረቤታችን አሮጊት ናቸው፤ ለሰፈሩ ሰው ሁሉ ጥርስ ሲታመም አስተናግር ቀቅለው የሚሰጡት እሳቸው ናቸው። ያን ቀንም በኩባያ አምጥተው «ተጉመጥመጪና ትፊው፣ እንዳትውጪው» አሏት። ይህን እሳቸውም ይምላሉ፣ እናቴም አትክድም።

ታዲያ ለምን ዋጠችው? የተቀቀለው በጠበል ነዋ! ጎረቤታችን ለበረከት ብለው ከቁስቋም የቀዱትን ጠበል ጨምረውበታል። እናቴ ደግሞ በሕይወቷ ጠበል መሬት ላይ ተፍታ አታውቅም። «ጠበል ይተፋል እንዴ?» አለችኝ በኋላ፣ ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ተደውሎልኝ እየሮጥኩ ስደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከአየር ላይ ክር ትለቅማለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ምላሷ ደርቆ ይተሳሰራል፣ የዓይኗ ብሌን ሰፍቶ ዓይኗ ጥቁር ብቻ ሆኗል። እኔን አላወቀችኝም። ማንም ወደሌለበት በር እያየች «ና ግባ እንጂ የኔ ጌታ፣ ምነው እዚያ ቆምክ? ከሳህ እኮ!» ትላለች።

የምታናግረው ወንድሜን ነበር። ወንድሜ የበኩር ልጇ ነው፤ በመኪና አደጋ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። አደጋው ክፉ ስለነበር አስከሬኑን እንዳታይ ከልክለናት፣ ፊቱን ሳታየው ነው የተቀበረው።

«ለክፏታል፣ ጠበል እንውሰዳት!» አሉ ጎረቤቶች።

«ጠበል ጠጥታ አይደል እንዴ እንዲህ የሆነችው!» ብዬ ጮህኩ። ወይ ጉድ፣ እንዴት እንደገላመጡኝ! አንዷማ አማተበችብኝ። አስተናግሩን ማለቴ ነበር፣ ግን ማን ይስማኝ? ኮንትራት ታክሲ ይዤ ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሙ ዓይኗን እንዳየ «ምን ጠጥተው ነው?» አለኝ። ነገርኩት። «ትንሽ ቢጨመር ልባቸው አይችለውም ነበር። ከተደገመ ያጧቸዋል» አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ነፍሷን ስታውቅ፣ በዚያው ያን የተረገመ ጥርስ አስነቀልኩት። ተገላገልን አልኩ።

ቀረኝ ያልኩት ተክሉን ማስጠፋት ነበር። አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል ይዤ ወረዳ ሄድኩ። አረንጓዴ ልማት «ይሄ የጤና ጉዳይ ነው» አለኝ። ጤና ወደ ደንብ ማስከበር ላከኝ፣ ደንብ ማስከበር ወደ ፖሊስ። ፖሊሱ ፌስታሉን ከፍቶ ሳቀ። «ይሄማ አብሾ ነው! እናትሽ ቅኔ ሊቆጥሩ ነው እንዴ?» የቆሎ ተማሪ አስተናግርን አብሾ ብሎ ትምህርት እንዲገባው ይጠጣዋል ሲባል እኔም ሰምቻለሁ። ግን በእናቴ ሲቀለድ አንጀቴ አረረ።

«ሰው የሚያሳብድ ተክል ሕግ የለውም?» አልኩት።

«ሐሺሽ ቢሆን አሁኑኑ መጥተን እንነቅለው ነበር፣ የተከለውንም እንይዛለን። ይሄ ግን አረም ነው። ማንም አልተከለው፣ ማንን ልክሰስ? ይልቅ ማመልከቻ ጻፊ።»

«ለማን?»

«ለአረንጓዴ ልማት።»

በቃ! ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዤ ራሴ ወጣሁ። እየተሳደብኩ እነቅላለሁ፤ ፖሊሱን፣ ወረዳውን፣ ጎረቤታችንን፣ ማንም አልቀረኝም። እናቴ የአጥሩ በር ላይ ተቀምጣ ታየኛለች።

«ሁሉንም ነው የምትነቅይው?» አለችኝ።

«ሁሉንም!»

«አየሁት እኮ። ያን ሰማያዊ ሹራቡን ለብሶ። ፊቱ ምንም አልሆነም።»

«ያ መርዙ ነው እማዬ! ወንድሜ ሞቷል። የሞተ ሰው አይመጣም!»

እንዲህ ነው ያልኳት። ምላሴን በቆረጠው። ነጠላዋን ሰብስባ ወደ ውስጥ ገባች፣ ስለ እሱም ዳግመኛ አላነሳችም። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

ምን ዋጋ አለው፣ ክረምቱ ሲገባ በነቀልኩት ቦታ እጥፍ ሆኖ በቀለ። ወር ሳይሞላው አበባ አወጣ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ሳቀርብ እናቴ አልበላም አለች። ግራ ጉንጯን በመዳፏ ይዛለች።

«ምነው እማዬ?»

«ጥርሴን አመመኝ። እስቲ ጎረቤታችንን ጥሪልኝ።»

«የትኛው ጥርስሽ?»

አፏን ከፈተችልኝ። ጣቷን ያሳረፈችው የተነቀለው ጥርስ ቦታ ላይ፣ ባዶው ድድ ላይ ነበር። ጣቷን ሳታነሳ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። የዚያን ቀን አልጮህኩባትም።