አባቴ የመረጠው መስመር

አባቴ ላሊበላ ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበር። አውቶማቲክ ስልክ ከመግባቱ በፊት ከከተማው ወደ ወልዲያም ሆነ ወደ ደሴ የሚደወል ሁሉ በእሱ እጅ ያልፍ ነበር። መርዶው፣ የሠርግ ቀጠሮው፣ የሆቴሎቹ ጉዳይ ከማንም ቀድሞ እሱ ጆሮ ይደርሳል። ቤት ሲገባ ግን ስለ ሰው ጉዳይ አንድም ቀን ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰው ሲያናግረው ጭንቅላቱን ወደ ግራ ዘንበል አድርጎ የመስማት ልማዱ አልለቀቀውም።

ሚሊኒየሙ የተከበረ ሰሞን እኔ ከመምህራን ኮሌጅ ተመርቄ ምደባ እየጠበቅሁ ቤት ተቀምጬ ነበር። ታላቅ እኅቴ አንድ ሆቴል ውስጥ በእንግዳ ተቀባይነት ትሠራለች። ለቤታችን ኮምፒውተር ይገዛ የሚለውን ሐሳብ ያመጣችው እሷ ናት፤ በርቀት መማር ፈልጋለች። እናቴ የጠየቀችው የት እንደሚቀመጥ ብቻ ነው። አባቴ ከሳምንት በኋላ አንድ ጧት፣ “ደሴ ሄደን በዓይናችን ዓይተን ነው የምንገዛው” አለ።

አባቴ፣ እኅቴና እኔ በጋሸና በኩል ወርደን ወልዲያ አደርን፤ በማግስቱ ደሴ ገባን። የገባንበት ሱቅ ባለቤት ሁለት ኮምፒውተሮች አወጣልን። አንዱ ላፕቶፕ ነው፣ ሌላው ባለ ትልቅ ሞኒተር ዴስክቶፕ።

“አባባ፣ ላፕቶፑ ይሻለናል” አለች እኅቴ። “መብራት ቢጠፋ በባትሪ ይሠራል።”

አባቴ ላፕቶፑን አንሥቶ አገላብጦ አየው። “የስልክ ሽቦ የሚገባው በየት ነው?”

“ለዚህኛው ሽቦ አያስፈልገውም፣ አባቴ” አለ ሻጩ። “አሁን ገመድ አልባ መጥቷል።”

“ያኛውስ?”

ሻጩ ዴስክቶፑን አዞረና ከጀርባው ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ አሳየው። አባቴ ጣቱን ሰዶ ዳሰሳት። “ይኸን ነው የምንወስደው” አለ።

እኅቴ አኩርፋ ቀድማን ከሱቁ ወጣች። ያም ሆኖ ሞኒተሩን ለማንም አላስነካችም፤ በአባቴ ጋቢ ጠቅልላ መንገዱን በሙሉ ጭኗ ላይ አድርጋ አመጣችው።

እናቴ ሳሎን ውስጥ ራዲዮኑን አንሥታ ቦታ ሰጠችው። ለሞኒተሩ ዳንቴል ሠርታም አለበሰችው። ኢንተርኔቱን ለማስገባት አባቴ ድሮ ይሠራበት ወደነበረው መሥሪያ ቤት ራሱ ሄደ። እኅቴ ገመድ አልባውን እንዲጠይቅ ለምናው ነበር። እሱ ግን በቤታችን ስልክ መስመር የሚሠራውን አስመዝግቦ ተመለሰ።

“ሽቦው በየት በየት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ” አላት። “በአየር የሚመጣውን ማን ይከተለዋል?”

ኮምፒውተሩ በስልክ መስመር ሲደውል መጀመሪያ እንደ ማንኛውም ስልክ ይጠራል፤ ከዚያ ያፏጫል፣ ያንኮራፋል፣ ይንጫጫል። እናቴ ጆሮዋን ትይዛለች። አባቴ ወንበሩን አስጠግቶ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከስክሪኑ ቀድሞ “አልያዘም፣ ድገሚው” ይላታል እኅቴን፤ ወይም ደግሞ ፈገግ ብሎ “ገባ” ይላል። አንድም ቀን ሲሳሳት አላየሁም። ከጡረታው ወዲህ እንዲያ ፊቱ ሲበራ ዓይቼው አላውቅም ነበር። ዛሬ ያን ጩኸት የሚያውቅ ሰው ሳገኝ እንደ አገሬ ልጅ አወራዋለሁ።

ቀስ በቀስ ማገናኘቱን ለራሱ አደረገው። ጧት ያገናኘዋል፤ ከተያዘለት ደግሞ መልሶ መዝጋቱ አያስችለውም። ኮምፒውተሩ መስመሩን እስከያዘ ድረስ ወደ ቤታችን የሚደውል ሰው እንደማያገኘን ያውቃል፤ ከእኛ ሁሉ ይልቅ እሱ ነው የሚያውቀው። ግን ረሳው። ለእኛም ማን እንደሚደውል ትዝ አላለንም።

የእናቴ ታላቅ እኅት ኮን የምትባል ከተማ ነው የምትኖረው። ሁልጊዜ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ትደውል ነበር። ሁለት እሑድ ብትደውል ተይዟል። በመካከሉም ብትሞክር ያው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ ኮምፒውተሩ አጠገብ እንደተቀመጠ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት አክስቴ ናት። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፣ ፊቷ አቧራ ለብሷል።

“ማነው የሞተው?” አለች። “ንገሪኝ፣ አትደብቂኝ።”

“ማንም አልሞተም፣ እታባ።”

አላመነችኝም። ገፍታኝ ገባችና እናቴን ስታያት ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ሮጣ አቀፈቻት፤ ሁለቱም ማልቀስ ጀመሩ። በሕይወት ያለ ሰው እንዲያ ሲለቀስለት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

አባቴ ተነሥቶ ቆሞ ነበር። ነገሩ ሲገባው ሽቦውን ከግድግዳው ነቀለው።

“ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሳገናኝ ኖሬ፣” አለ፣ “በገዛ ቤቴ እኅትማማች ልለያይ?” ከዚያ ወደ አክስቴ ዞረ። “ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። ጥፋቱ የኔ ነው።”

“ደኅና ካላችሁ ምን አለበት” አለች አክስቴ፤ ነጠላዋን ግን እስከ ማታ አላስተካከለችም።

በማግስቱ አባቴ እኅቴን ጠርቶ ገመድ አልባውን እንድታስመዘግብ ነገራት። እሷም ደስታዋን ዋጥ አድርጋ ሄደች። የመጣው ጣት የምታህል ሞደም ነበር። ድምፅ የለውም፤ ሲገናኝ መብራቱ ብልጭ ይላል። አባቴ ትንሽ ሲጠብቅ ቆየና፣ “በቃ ይኸው ነው?” አለ።

“ይኸው ነው፣ አባባ።”

አክስቴ ሳምንት አብራን ተቀመጠች። መሄጃዋ ሲቃረብ ያ ሁሉ ጣጣ የመጣበትን ነገር እንድናሳያት ጠየቀች። እኅቴ ከሰማይ የተነሣ የኮን ፎቶ ፈለገችላት። ፎቶው ቁራጭ በቁራጭ ሲመጣ ምሳ በልተን ጨረስን። መጨረሻ ላይ የታየው ቡናማ ማሳ፣ ቀጭን መንገድና የቆርቆሮ ጣሪያ የሚመስሉ ጥቂት ነጫጭ ነጥቦች ናቸው።

አክስቴ መነጽር ስለሌላት አባቴ የራሱን አውልቆ ሰጣት። ወደ ስክሪኑ ተጠግታ ብዙ ከተመለከተች በኋላ በጣቷ መንካት ጀመረች። “ይኸ ገበያው ነው። ይኸ የኛ ደጅ መሆን አለበት። ይኸኛው የማን እንደሆነ እንጃ፣ ስሄድ አያለሁ።”

አባቴ ያለ መነጽሩ ምንም አይታየውም። ቢሆንም አጠገቧ ቆሞ፣ እያንዳንዱን ቤት ስትጠራለት፣ “እሺ” ይላት ነበር።