ታቦቱ የቆመ ዕለት

ቅቤ የጠጣች፣ ጭስ የጠገበች የወይራ ዱላ ሽታዋን ታውቀዋለህ? ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ወጥተን እህል ውሃ ለመቅመስ ሰንበቴ ቤት ስንገባ፣ ዝናብ ካረጠበው ጣሪያ ያ ሽታ መጣብኝ። ቀና ብል የራሴ ዱላ ናት! ማገር ሆና ሳር ተሸክማለች። እንዴት እዚያ እንደወጣች ልንገርህ።

ያኔ እኔ የላይ ቤት መንደር ቁንጮ ነበርሁ። ከጉና እስከ ገሳይ ዱላዬን የሚመክት አልተወለደም። ትምህርቱን ተወው፤ ሁለተኛ ክፍልን ሦስቴ ታግያት እሷው ነች የጣለችኝ። ላይ ቤትና ታች ቤት አንድ ደብር ነው የሚያስቀድሱ። ለጥምቀት ታቦቱ ሲመለስ ግን ፊት ፊት እየጨፈረ የሚመራው አንደኛው መንደር ነው፣ ተራ በተራ። የዚያን ዓመት ተራው የታች ቤት ነበር። እኔ አለቅም አልሁ።

«ተራችን ነው፤ ዞር በል» አለኝ የታች ቤቱ አውራ፣ እኩያዬ ነው፣ ቁመቱ ግን ባሕር ዛፍ።

«ተራህን ዱላዬን ጠይቃት!»

አቤት ያን ቀን! ዱላ ከዱላ ሲጋጭ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ይንጣጣ ነበር። አንዱ ጥርሱን በእጁ ይዞ ይሮጣል፣ ሌላው የተሰበረ ክንዱን በነጠላ ያስራል። ያ ሁሉ ነጭ ልብስ ቀላ። እኔ ሦስት ጣልሁ። አራተኛው አውራው ነበር፤ ጆሮ ግንዱን አገኘሁት። ተገንድሶ ወደቀ፣ ከጆሮው ደም ወረደ። ወንድሙ ከኋላ መጥቶ አናቴን ተረተረኝ። ዐይኔ ውስጥ የገባው ደም ሙቀቱ አሁንም ይሰማኛል።

ከበሮው ያኔ ጸጥ አለ። ታቦቱን በአናታቸው የተሸከሙት ሽማግሌ ቄስ፣ የሁለቱም መንደር የንስሐ አባት፣ መንገዱ መሀል ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«ታቦቱ አልሄድም አለ!» ብሎ ዲያቆኑ ጮኸ።

እልልታው ወደ ለቅሶ ዞረ። ሽማግሎቹ መሬት ላይ ተደፍተው ለመኑ። ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ አዘነበለች፣ አባ ንቅንቅ የለም። አንገታቸው ከሸክሙ ሥር ሲጎብጥ አየሁ፤ ላባቸው ከጺማቸው ጫፍ ይንጠባጠባል። ታቦት ተሸክመው ቃል አይወጣቸውም ነበር፤ ያን ቀን ግን ወጣቸው።

«ታቦት እግር የለውም፣ ልጆቼ። በእናንተ እግር ነው የሚሄደው። እግርና እግር ከተጣላ ወዴት ይሂድ?»

እናቴ ድንጋይ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምን።

«እኔ ልሸከም? ሞቼ ነው!» አልኋት።

ድንጋዩን በራሷ ጫንቃ አድርጋ ወደ ወደቀው ልጅ መራመድ ጀመረች። ሮጬ ነጠቅኋት።

እግሩ ሥር ተንበረከክሁ። አንዱ ዐይኑ አብጦ ተደፍኗል፤ በሌላው ድንጋዩን አየው።

«ትንሽ ናት» አለኝ። «ሌላ ጨምርባት።»

ሁለታችንም ደም በሞላው አፋችን ሳቅን። ማረኝ አልሁት፣ እሱም ማረኝ። ያለውን ዱላ ሁሉ ታቦቱ ፊት ከመርነው። ያኔ አባ እግራቸውን አነሱ። በዚያ ክምር ነው ፈርሶ የነበረውን ሰንበቴ ቤት ሁለቱ መንደር አንድ ላይ የሠራነው።

ኋላ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «አባ፣ እውነት ታቦቱ ነው ወይስ አንቱ ነዎት የቆሙት?»

«እኔ ብሆንማ» አሉ አንገታቸውን እያሹ፣ «እየሮጥሁ ነበር የምገባ።»

ያ አንገት ከዚያ ወዲያ አልቀና አለ። ሌላ ጥምቀት ሳያዩ ክረምቱ ላይ አረፉ።

አሁን ደብረ ታቦር ባጃጅ እነዳለሁ። ተሳፋሪው «የእኛ ደብር ጉልላቱ ያበራል፣ ድምፅ ማጉያው ጋፋት ድረስ ይሰማል» እያለ ሲጎርር ዝም እላለሁ። እኔ ዝም ስል አስበው! የእኛው ጣሪያው ያፈሳል። ግን አባ ባስለመዱት፣ አዲሱም ቄስ «የተኳረፈ አለ?» ብለው ሳይጠይቁ ቅዳሴ አይገቡም።

እሑድ እሑድ ወደ ደብራችን ወጥቼ ከአውራው አጠገብ እሆናለሁ። ከዚያች ዱላ ወዲህ መስማት ተስኖታል። ዐይኑን ጨፍኖ ነው የሚጸልይ፤ ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል አይሰማም። በክርኔ ቀስ አድርጌ ጎሸም አረገዋለሁ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ ይነሣል።