ወንድሜ የያዘው ድንጋይ

ታላቅ ወንድሜ ድንጋይ በኪሱ ሳይዝ ከቤት አይወጣም ነበር። በልጅነታችን በቴፒ መንገድ ሽፍቶች አባታችንን በገጀራ ሲቆራርጡት ሁለታችን ቡናው ውስጥ ተደብቀን አይተናል። ደሙ እኛ እስካለንበት ቅጠል ድረስ ተረጭቷል።

አምና ከምንኖርበት ከሚዛን ሮም ድረስ ሄደን፣ እዚያ የምትኖረው የእህታችን ልጅ ጥንት ሰው ለአንበሳ ይሰጥበት የነበረውን ግንብ ልታሳየን ወሰደችን። በሩ ላይ ፈታሹ ከወንድሜ ኮት ድንጋዩን አወጣ።

«ጋሼ! ከሚዛን ድረስ በሻንጣ ድንጋይ?» አለች የእህታችን ልጅ።

«ሰው ወደሚበላበት ባዶ እጄን ልግባ?»

ካልጣለው አይገባም ተባለ፤ አልጣለም። እኔም አብሬው ውጭ ቀረሁ።

«ያኔ ብወረውር አባባ ይተርፍ ነበር?» አለኝ።



ሽፍቶቹ አምስት ነበሩ፤ እሱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። አባባ አይተርፍም ነበር። ይህን ሳልነግረው ዘንድሮ ወንድሜ ሞተና ቀበርነው። ኮቱ ከቤቱ በር ኋላ ተሰቅሏል፤ አንደኛው ኪሱ እንደከበደ ነው።