የአህያ ባል

አጥንት ቆጣሪ የሚባለው የሰው ዘር የሚፈትሽ ነገረኛ ነው። ታላቅ እህቴ ግን የምር ትቆጥራለች። ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ የጥንት በሬ፣ ፍየል፣ ውሻ አጥንት በምትሠራበት ሙዚየም ምድር ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ይሄ የምን እንደሆነ፣ ቢላ ያረፈበት የትኛው እንደሆነ ስትለይ ፀጉሯ ሸበተ። ሰፈሩ «አጥንቴ» ይላታል። እሷ ትስቃለች፤ የምበግነው እኔ ነኝ።

አንድ ጊዜ የመንጋጋ አጥንት እጇ ገባ። የአህያ ነው ወይስ የሜዳ አህያ? ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አህያ ከሆነ የዚያ ዘመን ሰዎች ጭነው ይነግዱ ነበር ማለት ነው፤ የሜዳ አህያ ከሆነ አድነው በሉት፣ አለቀ። ለመለየት ጥርሱን ከታወቀ እንስሳ ጥርስ ጋር ጎን ለጎን ማየት ያስፈልጋል። ሙዚየሙ የሜዳ አህያ አጥንት አለው፣ የአህያ ግን የለውም። አህያን ደግሞ ማን ቁም ነገር ብሎ ያስቀምጣል?

ስለዚህ መኪና ገጭቶ የገደላት አህያ ለምና አመጣችና ጓሮዋ ቀበረቻት። አፈሩ ሥጋውን ጨርሶ አጥንቱን እስኪመልስላት ዓመት ከምናምን ጠበቀች። አለቃዋ በበኩሉ ክረምት ሳይገባ ካልለየችው መንጋጋው ለውጭ ባለሙያዎች እንደሚላክ ነገራት። እንዲህ የተላከ ነገር ሲመለስ አይታ አታውቅም።

ባሏ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጉድጓዱን የቆፈሩት አብረው ነው። ለሳምንት ሥራ ቁፋሮ ቦታ ወጣ ስትልለት፣ ሰው ጠርቶ ጓሮውን አስተካከለ፣ ድንጋይ አስሞላ፣ በማሽን አስደበደበ፣ ሲሚንቶ አስፈሰሰበት። ለመኪና ማቆሚያ ነው አለ። መኪና እኮ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው።

እህቴ ስትመለስ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። መዶሻና ዶማ አነሳች፤ እኔም ደርሼ አገዝኳት። እሱ በረንዳ ላይ እጁን ኪሱ ከቶ፣ «አንቺ ደግሞ፣ ለሞተች አህያ ነው እንዲህ የምትሆኚው? ሌላ እገዛልሻለሁ» ይላል። ዶማው ወደ እሱ ሊዞርብኝ ምንም አልቀረው።

የአህያዋ ጭንቅላት እንደ ብስኩት ደቅቆ ወጣ። ጥርሶቹ ተፈረካክሰው ከጠጠሩ ጋር ተቀላቅለዋል። እህቴ ስብርባሪውን በጣቷ ስትለቅም ቆየችና ቀና ብላ አየችው።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንተ ግን ባሉንም ጅቡንም ሆንክ።»

እሱ ቤት ገባና በሩን ዘጋ።

ክረምቱ ገባ፣ መንጋጋው ታሽጎ ሄደ። አህያ ይሁን የሜዳ አህያ የሚነግረን እንግዲህ ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ካስታወሰን።

ባሏ በስንት መከራ መኪናውን ገዛ። መኪናው አጥር ውጭ መንገድ ላይ ያድራል፤ ጓሮው ውስጥ ሌላ አህያ ተቀብራለች። ይኼኛውን ጉድጓድ እህቴ ብቻዋን ቆፈረችው።