አሥራ ሁለተኛዋ ስንኝ

መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ቂም የሚያቆዩ ሰው ነበሩ። ደልጊ አጠገብ፣ ከጣና ዳር ባለው ቤታቸው አርባ ዓመት ቅኔ ሲያስተምሩ፣ በልጅነቱ ያስቀየማቸው ተማሪ ሸምግሎ ሊጠይቃቸው ቢመጣ እንኳ ያችኑ ጥፋቱን ሳያነሡበት ውኃ አያስቀምሱትም። ሌላው የሚስቅበትን ነገር እሳቸው ሃያ ዓመት ይዘውት ያድራሉ። እንግዲህ ዘመኑ ልጅ የነጠቀው እንዲህ ካለ ሰው ላይ ነው።

ልጃቸው ጽጌ ባሕር ዳር አስተማሪ ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ ተያዘ፤ በሦስተኛው ቀን ረሸኑት፤ ሬሳውን እንኳ አልሰጡም። “ሐሙሲት ላይ ከአውቶቡስ አውርደው ነው የያዙት፤ ጠቋሚ ነበረው” ተባለ። ጠቋሚው ማን እንደሆነ የሚነግራቸው ግን ጠፋ። ጠመንጃቸውን ገበሬ ማኅበሩ ወስዶታል፤ ቢኖርስ በማን ላይ ይተኩሱታል? ስለዚህ የቀራቸውን መሣሪያ አነሡ። አሥራ ሁለት ስንኝ ያላት የግዕዝ እርግማን ደረሱ። “ስሙን አንተ ታውቀዋለህ” ብላ ትጀምራለች። አፉ ይዘጋ ትላለች፤ እንቅልፍ ይንሣው ትላለች፤ የበላው አይስማማው ትላለች። አሥራ አንደኛዋ ሚስቱን መበለት ታደርጋለች። አሥራ ሁለተኛዋ ልጆቹን ያለ አባት ታስቀራለች። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ ተነሥተው፣ ከደጃቸው ዋንዛ ሥር ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው፣ አንድ ቀን ሳያስታጉሉ ደገሟት። ከመደጋገሟ ብዛት ቃሏ እንደ ከዘራቸው እጀታ ለስልሶ፣ አፋቸው ይላታል እንጂ ልባቸው አይሰማትም ነበር።

ያን ክረምትም ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጅ ልጆቻቸው እንደ ወትሮው ከባሕር ዳር በመርከብ መጡ። የሴት ልጃቸው የሙሉነሽ ልጆች ናቸው፤ እናትዓለም አሥር ዓመቷ፣ አምሐ ገና ስድስቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የብርጓል ዓመቱን የሚገፉት ለእነዚህ ሁለት ወራት ብለው ነው። እሸት ይጠብሱላቸዋል፣ ጸጉራቸውን ቅቤ ይቀቡላቸዋል፣ ጭቃ የነካ ልብሳቸውን ሲያጥቡ ይውላሉ። አምሐ ታንኳ ነው ብሎ የአያቱን ቁና ለጣና ገበረው፤ እሳቸው ግን ሥቀው ሌላ ቁና ገዙ። መሪጌታም ከልጆቹ ጋር ሲሆኑ ሌላ ሰው ናቸው። ተማሪ ቀና ብሎ የማያየውን ጢማቸውን አምሐ ይጎትተዋል፤ “ተው አንተ ሽፍታ” ይሉታል እንጂ አይቆጡም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል አንድ ቀን ዝናቡ ከቤት አላስወጣ አለ። እናትዓለም በቆሎ እየፈለፈለች፣

“አባባ፣ ጠዋት ጠዋት ዛፉ ሥር ምን ይላሉ?” አለቻቸው።

“ስለ አጎትሽ ስለ ጽጌ ነው የምጸልየው። ከአውቶቡስ አውርደው ስለ ገደሉት።”

“ከአውቶቡስ አይደለም እኮ። ከእኛ ቤት ነው፤ ኮርኒሱ ላይ ተደብቆ። እማዬ ስትጣላ አባዬን ‘ወንድሜን ከኮርኒስ ያስወረድህ’ ትለዋለች። ከዚያ አባዬ ያለቅሳል።”

ልጅቱ ወደ በቆሎዋ ተመለሰች። አባዬ የምትለው አስማማው ነው። አስማማው ደግሞ ቁራሽ እንጀራ እየለመነ ደጃቸው መጥቶ፣ ቅኔ አስተምረው፣ በኋላም ከተማ ገብቶ የመንግሥት ሥራ ሲይዝ ልጃቸውን የዳሩለት ሰው ነው። ስድስት ዓመት ስሙን ሳያውቁ የረገሙት ሰው በየክረምቱ ከገበታቸው እየቆረሰ ሄዷል።

ዝናቡ ሲያባራ መሪጌታ ባለቤታቸውን ጓሮ አገኟቸው።

“አንቺ ታውቂ ነበር?”

ወይዘሮ የብርጓል ጎመኑን መቁረጥ አላቆሙም። “አውቅ ነበር። ካላመጣኸው ሚስትህንና ልጆችህን እናስራለን ብለው አስጨንቀውት ነው። ብነግርዎ አያኖሩትም፤ እሱ ደጃችን ካልደረሰ ደግሞ ልጆቹ አይመጡም። አንዱን ልጄን ሳልቀብረው ቀረሁ። የቀሩኝንም ልጣ?”

“ልጄን ሽጦ ልጆቹን አተረፈ በይኛ።”

“እነዚህንኑ ነው ያተረፈው፣ መሪጌታ። ጢምዎን የሚጎትቱትን።”

አልሰሟቸውም። በቀል የያዘው ሰው ጆሮ የለውም። አስማማው ልጆቹን ሊወስድ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ቀርቷል። መርዝ አሰቡ፤ የማዕድ ነገር ነውና ተጸየፉት። በድንጋይ እፈነክተዋለሁ አሉ፤ ጉልበታቸውን ያውቁታል። በመጨረሻ አንድ ሐሳብ መጣላቸውና ደስ አላቸው፤ እውነቴን ነው፣ ደስ አላቸው። በአፉ ገደለ፤ በአፍ ይገደል። ያውም በገዛ ልጁ አፍ። እሱ ግዕዝ ያውቃል፤ እሳቸው ናቸው ያስተማሩት። እያንዳንዷ ቃል የት እንደምትገባበት ማንም ሊነግረው አያስፈልግም።

በማግሥቱ እናትዓለምን ዋንዛው ሥር አስቀምጠው ማስጠናት ጀመሩ። ልጅቱ ግዕዝ አትሰማም፤ ቃሉን ብቻ ትይዛለች፤ ይዛም አትለቅም። ወይዘሮ የብርጓል “ምን ይላል?” ቢሏቸው “ጸሎት ነው” አሏቸው፤ እሳቸውም ፊደል አልቆጠሩምና አመኑ። መሪጌታ ያስተማሩት እንደ ልማዳቸው አጥብቀው ነው። የእሳቸው ተማሪ ጸሎት ጀምሮ አያቋርጥም። ይህን ለመፈተን መሐል ላይ “በቃ! ተይው! ዝናብ መጣ!” እያሉ ይጮኹባታል። ካቆመች አለንጋዋ መሬቱን ትመታለች፤ ካላቆመች ግንባሯን ይስሟታል። በሳምንቱ ቢጮኹባት፣ ቢያጨበጭቡባት፣ እጇን ቢጎትቷት የማትበገር ሆነች። እንዲያውም በጮኹባት ቁጥር ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትሥቅባቸው ጀመር።

አስማማው ሁለት ኪሎ የቀበሌ ስኳርና ለአማቱ ሻሽ ይዞ መጣ። ጉልበት ስሞ መደቡ ላይ ተቀመጠ። አምሐ ወዲያው ጭኑ ላይ ወጥቶ ስኳር መላስ ያዘ። መሪጌታ እግራቸውን ዘርግተው፣

“እናትዓለም፣ ያጠናሽውን ለአባትሽ ድገሚለት” አሉ።

ቆመች፤ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጀመረች። “ስሙን አንተ ታውቀዋለህ” ስትል አስማማው ፈገግ ብሎ ነበር፤ ልጁ ግዕዝ መቻሏ አኩርቶት። ሁለተኛዋ ላይ ፈገግታው ጠፋ። አራተኛዋ ላይ መሪጌታን አያቸው፤ እሳቸውም ዓይናቸውን አልነቀሉለትም። ሰባተኛዋ ላይ አንገቱን ደፋ፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠባጠበ። የመሪጌታ አንጀት ቅቤ ጠጣ። ስድስት ዓመት የተጠሙትን እየጠጡ ነበር።

አሥራ አንደኛዋ ደረሰች። ሚስቱ መበለት ትሁን። ቃሏ ከልጅቱ አፍ ስትወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ አዲስ ተሰማቻቸው። ሚስቱ ማን ናት? ሙሉነሽ ናት። ቀና ሲሉ አምሐ የአባቱን የሸሚዝ ቁልፍ እየነካካ ደረቱ ላይ ተደግፏል። ቀጣይዋን ስንኝ ያውቋታል። ደራሲዋ እሳቸው ናቸው።

“በቃ” አሉ። “በቃሽ፣ ተይው።”

እናትዓለም ዓይኗ በራ። ፈተናው መሆኑ ነው።

“ተይው አልሁሽ!” ብለው ተነሡ፤ እጇን ያዙ።

ልጅቱ እጇን ሰጥታቸው፣ እየሣቀች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አሥራ ሁለተኛዋን አንድ ፊደል ሳታጎድል ጨረሰቻት።

“አሜን” አሉ ወይዘሮ የብርጓል ከምድጃው በኩል። አያቱ ከጸሎት በኋላ እንዲል አስተምረውት ነበርና አምሐም ጣቱን ከስኳሩ አውጥቶ “አሜን” አለ።

አስማማው ልጁን ጥብቅ አድርጎ አቀፈው።

“አባባ፣ አልተሳሳትሁም አይደል?” አለች እናትዓለም። ግንባሯን እስኪስሟት ትጠብቃለች።

“አልተሳሳትሽም” አሉ፤ ሳሟትም።

በማግሥቱ መርከቡ ወሰዳቸው። መሪጌታ አስማማውን ይቅር አላሉትም፤ ሞተው እስኪቀበሩ ይቅር አላሉትም። ስሙ ሲነሣ ምራቃቸውን ይተፉ ነበር። ነገር ግን እርግማን ከወጣ በኋላ መመለሻ እንደሌለው ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ የቀራቸው በላዩ ላይ ሌላ ጸሎት መደረብ ብቻ ነው። ከዚያ ክረምት ወዲያ ወፍ ሲንጫጫ ዋንዛው ሥር ቆመው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ለልጃቸው ገዳይ ዕድሜና ጤና ሲለምኑ ኖሩ። አዲሷ ጸሎት “ስሙ አስማማው ነው” ብላ ትጀምራለች።