በአንድ ልክ የተቆረጡት በርጩማዎች

ዓዲላ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሚሴ ላይ በደርግ ጊዜ ልብስ ሰፊዎች በማኅበር ሲደራጁ፣ ከእናቷ የወረሰችውን የስፌት መኪና አሸክማ ገባች። ወይ ያን ቀን! ያን ዕድሜ ማን ይመልሰዋል? አሥራ ሁለት መኪና ባንድ አዳራሽ ተደርድሮ ሲንቀጫቀጭ፣ ወደ ደሴ የሚያልፈው አውቶቡስ እንኳ ሊሰማ ብሎ ፍጥነቱን የሚቀንስ ይመስላት ነበር።

ሊቀ መንበሩ ጓድ ቃሲም፣ ራሱም ልብስ ሰፊ፣ ቀና ሰው ነበር፤ ብቻ እኩልነትን እስከ መቀመጫ አወረዳት። «ከእንግዲህ ማንም ከማንም በላይ አይቀመጥም» ብሎ አሥራ ሁለት በርጩማ በአንድ ልክ አስቆረጠ። የተለካው በራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ የተመዘዘ፣ ዝቅ ያለ በርጩማ የሚበቃው። ዓዲላ አጭር ናት፤ ስትቀመጥ ገበታው ደረቷ ላይ ይደርሳል። ክንዷን ሰቅላ፣ ትከሻዋን ከጆሮዋ አጣብቃ ትሰፋለች።

በሁለተኛው ዓመት ትከሻዋ ያቃጥላት፣ ጣቷ ይደነዝዛት ጀመር። ስፌቷ ተንጋደደ። ሰዉ ዓይን ነው አላት፤ ዱዓ አስደረገች። እሑድ ሻል ይላታል፣ ሰኞ ይመለስባታል።

የተማሪ ዩኒፎርም በታዘዘ ጊዜ ጓድ ቃሲም ጠራት።

«ዓዲላ፣ እስከ ሐሙስ ሳምንት የድርሻሽን ሠላሳ ካላደረስሽ መኪናው ለሌላ ሰው ይሰጣል። የስብሰባው ውሳኔ ነው።»

«የእናቴ መኪና?»

«የማኅበሩ።»

በማግስቱ ጨፋ ሮቢት ወረደች፣ ወጌሻዋ አዴ ረቢአ ዘንድ። አሮጊቷ ትከሻዋን ዳሰሰችና «ወለምታ የለብሽም» አለች። «ኮቱ፣ ታኢ! ነይ ተቀመጪና ስትሰፊ አሳይኝ።»

ዓዲላ እንደ ልማዷ ዝቅ ብላ አየሩን ሰፋችው። አዴ ረቢአ ሳቋን ለቀቀችው።

«ሞት ይርሳኝ! ልብስ ትሰፊያለሽ ወይስ ጣራ ትደግፊያለሽ? ጂኒው በርጩማሽ ነው፣ ልጄ። ክርንሽ ከገበታው እኩል ይሁን።»

ስትመለስ ሁለት የሳንቃ ቁራጭ በርጩማው ላይ ደራረበች፣ ጨርቅ አነጠፈች፣ ወጣችበት። ያ ረቢ! ትከሻዋ ወረደ፤ እግሯም መርገጫውን አልሳተም። መርፌውን ከላይ ቁልቁል አየችው፤ ስፌቱ እንደ ክራር ክር ቀጥ አለ።

«ጉድ ነው፣ ዓዲላ ዙፋን ላይ ወጣች!» አለች ከጎኗ የምትሰፋው ሰዓዲያ። «ንጉሥ መውረዱን አልሰማሽም እንዴ?»

ጓድ ቃሲም መጣ። «ውረጂ፣ ዓዲላ። ከጓዶችሽ በላይ፣ ያውም ከጋሽ አደም በላይ ትቀመጫለሽ?»

ይቺ የመጨረሻዋ ቃል ወጋቻት። ጋሽ አደም የማኅበሩ ሽማግሌ፣ የአባቷ እኩያ ናቸው፤ ከሽማግሌ ከፍ ብሎ መቀመጥ ደግሞ ነውር። ፊቷ ጋለ። ግን ከወረደች መኪናው ሄደ።

«ጋሽ አደም፣ አውፍ ይበሉኝ፤ ወላሂ በንቀት አይደለም» አለች ብድግ ብላ። «አንቱ ራስዎ ይሞክሩት። ካልተሻለዎት እወርዳለሁ።»

እንደሷው አጭር የሆኑት ሽማግሌ እያቃሰቱ ወጡ። አንድ እጅጌ ሰፉ። ሁለተኛውን ደገሙ። ሦስተኛውን አነሡ።

«ጋሽ አደም፣ ይብቃ እንጂ፣ የኔ ነው!»

«ቆይ ልጄ፣ ቆይ! ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቴን የያዘኝ እርጅና መስሎኝ!» ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሩ። «ስማ ቃሲም፣ አንተ ለአሥራ ሁለት ሰው ሱሪ በአንድ ልክ ትቆርጣለህ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓድ ቃሲም ልብስ ሰፊ ነውና መልሱን ያውቀዋል። ያንኑ ዕለት ከሰዓት አናጢው አብዱልጀሊል ተጠርቶ የያንዳንዱን ክርን ለካ።

ዓዲላ ሐሙስ ሳይደርስ፣ ረቡዕ ከዙሁር ሶላት በፊት ሠላሳኛውን ዩኒፎርም አጥፋ አስረከበች። ጓድ ቃሲም ስፌቱን በጣቱ ተከትሎ ተከትሎ የተንጋደደ አጣ።

«ሌላ ሠላሳ አለ» አላት፣ መኪናውን መታ መታ አድርጎ።

«ይምጣ!» አለች፣ እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ።