የእናቴ ክፍልና የጥይቱ መኪና

እርሳስ ሲቀልጥ እንዴት እንደሚሸት ያወቅሁት በገዛ ሽሮ ድስቴ ነው። ባለቤቴ ሳይጠይቀኝ ከማዕድ ቤት አንስቶ ጓሮ ከሰል ላይ ጥዷት፣ እርሳሱን በማንኪያ እያማሰለ አገኘሁት። "አጥቤ እመልሳታለሁ" አለኝ። አጥቦ ሽሮ ሊበላባት! ሲጨርስ ድስቷን ከነማንኪያዋ ቆሻሻ ላይ ጣልኳት።

ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው፤ የምንኖረው ቦሌ፣ ከወሎ ሰፈር ገባ ብሎ ነበር። ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው፣ ፈቃድ ያለው አሮጌ ምንሽር ነበረው። በዓመት አንዴ የአደን ፈቃድ አውጥቶ ከጓደኞቹ ጋር ቆላ ይወርዳል፣ ሚዳቋ ስቶ ይመለሳል። አባቱ ከጠመንጃው ጋር በዘይት ጣሳ የታጨቀ ባዶ ቀለህም አውርሰውታል፤ ሽማግሌው በሕይወታቸው ከተኮሱት ጥይት አንዱንም ቀለህ አልጣሉም። የምንሽር ጥይት ከገበያ ሲጠፋ ባለቤቴ እነዚያን ጣሳዎች ከቆጥ አወረደና ቀለሁን ራሱ እንደሚሞላ ነገረኝ። ባሩድ፣ እርሳስና አንድ መሙያ መኪና ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ አለ። መኪናው የሚተከልበት ቦታ እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ አልተናገረም።

በግቢያችን ጓሮ አንዲት የሰርቪስ ክፍል ነበረችን። እሷን ለእናቴ አስበናት ነበር። እናቴ ደሴ ብቻዋን ትኖራለች፣ ዓይኗን ሞራ እየጋረደው ነበር፤ እዚህ አምጥቼ ላሳክማት፣ ከዚያም ከእኔው ጋር እንድትቀር ነበር ሐሳቤ። ባለቤቴም በስልክ፣ እኔው አጠገቡ ቆሜ፣ "እማማ ይምጡ፣ ክፍሏ የእርስዎ ናት" ብሏታል። ቀለም አስቀባሁ። እንዳትደናቀፍ ደፉን አስደለደልኩ። መስገጃዋ የሚነጠፍበትን ጥግ ሳይቀር ለይቼ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ለእናቴ አልጋ እንይ አለኝ። እዚያው ቦሌ፣ ሩዋንዳ በሚባለው ሰፈር ዕቃውን ሸጦ ወደ አገሩ የሚሄድ ፈረንጅ አለ ተባለ። አብሮን የባለቤቴ ጓደኛ መጣ፤ ወሎ ሰፈር ጋራዥ ያለው፣ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው። አልጋውን አየሁት፤ ጠንካራ ነው፣ ከፍታውም ለአሮጊት የተመቸ። ዞር ስል ሁለቱም የሉም። የፈረንጁ ጋራዥ ውስጥ ሁለት የጥይት መሙያ መኪኖች ፊት ቆመው አገኘኋቸው።

ፈረንጁም አዳኝ ነበር፤ የምንሽር ልክ ያለው ዕቃ ሁሉ አብሮ አለው። ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ስለሆነ በደህና አማርኛ ልዩነታቸውን አስረዳ። አንደኛዋ ትንሽ ናት፤ እጀታዋን በጎተቱ ቁጥር አንድ ሥራ ብቻ ትሠራለች፣ ሲጨርሱ ዕቃ እየቀየሩ ቀጣዩን ማሠራት ነው። ትልቁ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ቀለሆቹ ተራ ይዘው ይዞራሉ፣ አንድ ሲጎተት ሁሉም ሥራ በአንዴ ይሠራል፣ ያለቀለት ጥይት ዱብ ይላል።

"በዓመት ስንት ትተኩሳለህ?" ብሎ ባለቤቴን ጠየቀው።

ባለቤቴ ወደ ጓደኛው አየ። "እንደ ሁኔታው ነው" አለ።

"እንደዚያ ከሆነ ትንሿ ትበቃሃለች። መጀመሪያ ግን ቀለሁን አምጣና ልየው።"

ጓደኝየው ሁለቱንም መኪኖች ተራ በተራ ብድግ አድርጎ መዘናቸው፤ በግ እንደሚገዛ ሰው። "ይቺማ የልጅ መጫወቻ ናት" አለ ትንሿን አስቀምጦ። "ይሄ ነው ብረት ማለት! ቀለህ ቀለህ ነው፣ ምኑ ይታያል?" ባለቤቴም ፈረንጅ ፊት ትንሿን ይዞ ከሚሄድ ቢሞት ይመርጣል። ትልቁን መረጠ። አልጋው ይመጣበታል የተባለው ፒካፕ ላይ መኪናው ተጫነ። እኔ ጋቢና፣ ሁለቱ ወንዶች መሃል፣ እስከ ቤት ድረስ ስለ ሳህኑ አዟዟር ስሰማ መጣሁ። ምርር ብሎኝ ነበር።

ክፍሏ ውስጥ ወፍራም ጠረጴዛ ገባ፤ መኪናው በብሎን ታሰረ። የመጀመሪያውን ቀለህ አስገብቶ እጀታውን ሲጎትት ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ባሩዱን የሚያቀጣጥለውን፣ አንዴ የተቃጠለውን መለኮሻ ከቀለሁ ቂጥ ገፍቶ የሚያወጣው መርፌ ተሰብሮ ነበር። ትርፍ መርፌ ቀየረ፣ እሱም ቀጭ። ጓደኝየው መኪናውን ረገመ፣ ፈረንጁን ረገመ። ኋላ በባትሪ ቀለሁ ውስጥ ሲያዩ ነው የገባቸው። መኪናው የተሠራው መሃል ላይ አንድ ቀዳዳ ላለው ቀለህ ነው። የአማቼ ቀለሆች የድሮ የጦር ሠራዊት ናቸው፤ መሃላቸው ድፍን፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ። ያ ጣሳ ሙሉ ቀለህ አንዱም አይሆንም። ፈረንጁ ደግሞ አገሩ ገብቷል።

አሁን ይነቀላል ብዬ ነበር። ሞኝ ነኝ። "አንድ ቀዳዳ ያለው ቀለህ እናፈላልጋለን" አሉ። እስኪገኝ ድረስ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጠው እጀታውን በባዶው ይጎትታሉ፣ ሳህኑን ያዞራሉ፣ እርሳስ ያቀልጣሉ። ከዚያ ጥፍራቸው ሥር ጥቁር ቅባት እንደያዘ መጥተው ትሪዬ ላይ እጃቸውን ይሰዳሉ። የነኩትን የእንጀራ ጫፍ እያየሁ መብላት ተውኩ።

እናቴ መጣች። ባለቤቴ ሻንጣዋን ተቀብሎ "እማማ፣ ለጊዜው ሳሎን ይሁኑ፣ ክፍሏ ውስጥ ባሩድ ስላለ ለእርስዎ አደጋ ነው" አላት። ባሩዱን ማን አመጣው! ሳሎን ፍራሽ ዘረጋሁላት። ወንዶቹ ኳስ ሊያዩ ሲመጡ ፍራሿ ላይ ይቀመጡባታል፤ እሷ የሶላቷ ሰዓት እያለፈ፣ በድንግዝግዝ ዓይኗ ግድግዳውን ይዛ፣ እስኪነሱ ቆማ ትጠብቃለች። ሳየው ደሜ ይፈላል። ስጮህ ደግሞ ክንዴን ይዛ "ተይው ልጄ፣ በእኔ የተነሳ ቤትሽ አይታወክ" ትለኛለች።

የሐኪም ቀጠሮዋ ሳይደርስ ልሂድ አለች። ለመንኳት፣ እምቢ አለች። አውቶቡስ ተራ ስንሰነባበት ጉንጬን ዳበሰችኝና "ክፍሏ ስትለቀቅ ላኪብኝ" አለችኝ።

ክፍሏ አልተለቀቀችም። በየጊዜው እጨቀጭቃለሁ፣ እሱም "ይህን የሚያህል ብረት እንዲሁ አይነቀልም፣ መሠረት አለው" ይለኛል። በሚቀጥለው ክረምት እናቴ ደሴ ታማ ሞተች፤ ሳልደርስላት መርዶዋን ነገሩኝ።

ደሴ ከቀብሯ ስመለስ ግቢያችን ድንኳን ተጥሏል። ለእድሩ ድስትና ወንበር ማስቀመጫ ቦታ ሲጠፋ ባለቤቴ ራሱ መፍቻ አምጥቶ፣ ከጓደኛው ጋር ብሎኑን ፈታ። ለቀስተኛው ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ መኪናው ወጥቶ አጥር ሥር ተቀምጧል። የተከፈተውን በር ከድንኳኑ ሆኜ አየሁ። የቀባሁት ቀለም እርሳስ ባቀለጡበት በኩል ጠቁሯል።

ባለቤቴ ትሪ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠና ጠቅልሎ ወደ አፌ አቀረበ። ጣቱ ላይ የብሎኑ ቅባት አለ።

"ብዪ እንጂ፣ ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመስሽም።"

"ክፍሏ ተለቀቀች?" አልኩት።

"ተለቀቀች፣ አታስቢ" አለኝ፣ ጉርሻውን እያስጠጋ።